የመመረቂያ ጽሑፎች ከቁም ሣጥን ወደ ሰርቨር፦ የመጀመሪያው ዙር የሥራ ማስታወሻ

ሥራው፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ 600 የተጠረዙ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎችን ወደ ዲጂታል ማዛወር፣ ዲስፔስ (የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር) ላይ መጫን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲፈለጉ እንዲገኙ ማድረግ።

ከመመረቂያ ጽሑፍ የተጀመረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከስብስቡ ሁሉ ሌላ ቦታ የማይገኘው እሱ ነው። የሕክምና መጽሔቶች በሂናሪ፣ የግብርናው በአጎራ በኩል ይነበባሉ፤ ኢትዮጵያ ክፍያ ከማይጠየቁት አገሮች ምድብ ስላለች በሩ ክፍት ነው። ይሁን እንጂ የበሩ ቁልፍ ያለው ሌላ እጅ ላይ ነው። ፈቃዱ ያበቃ ቀን መደርደሪያው ላይ የሚቀር ነገር የለም። ጥቁር ጥራዝ ለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው የተማሪ ጥናት ግን የቤተ መጻሕፍቱ የራሱ ነው፤ ቢጠፋም የሚጠፋው ከዚያው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፎቻቸውን ወደ ብሔራዊው አካዳሚያዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲያስገቡ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በዲስፔስ ከከፈተ ቆይቷል፤ የመንገዱ አካሄድ አዲስ አይደለም።

ጥቅምት 4፦ ቆጠራ

መዝገቡ የሚለው፣ መደርደሪያው ላይ ያለውና በሲዲ ፖስታ ውስጥ የተቀመጠው አይገጥምም። ስለዚህ ስካነር ከመነካቱ በፊት ሦስቱ ይመሳከራሉ። ለአንድ ጽሑፍ አንድ ረድፍ፦ የመመዝገቢያ ቁጥር፣ የጸሐፊው ስም በሽፋኑ ላይ እንደተጻፈ፣ ርእስ፣ ትምህርት ክፍል፣ የሽፋኑ ዓመት፣ የገጽ ብዛት፣ የቅጂ ብዛት፣ ሲዲ መኖር አለመኖሩ፣ የፈታኞች ፊርማ ያለበት ገጽ መኖር አለመኖሩ።

የገጽ ብዛት በእጅ ይቆጠራል። መጨረሻው ገጽ ላይ የታተመው ቁጥር አይበቃም፤ በሮማን ቁጥር የሚሄዱት የመግቢያ ገጾችና ቁጥር ያልተሰጣቸው አባሪዎች ከዚያ ውጭ ናቸው። ኋላ ላይ «ስካኑ ሙሉ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ይህ ቁጥር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት እዚሁ ታየ። የመመዝገቢያ ቁጥሮች ከፊታቸው ዜሮ አላቸው፤ ኤክሴል ዜሮዎቹን በላቸው። ሠንጠረዡ በሲኤስቪ ተቀምጦ እንደገና ሲከፈት ደግሞ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። መፍትሔው፦ ሊብሬኦፊስ ካልክ መጠቀም፣ የቁጥሩን ዓምድ ገና ሳይሞላ «ጽሑፍ» ብሎ መወሰን፣ ሲቀመጥም ሲከፈትም የፊደል ኮዱን ዩቲኤፍ-8 ብሎ መምረጥ። የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ፋይል አይመለስም፤ ፊደሉ ጠፍቷል። ለዚህ ሲባል ሠንጠረዡ በየማታው በቀኑ ስም ይገለበጣል።

ጥቅምት 13፦ ሲዲዎቹ

ከ600ው 371 ሲዲ አላቸው። በመጀመሪያው ሙከራ የተነበቡት 318 ናቸው።

ያልተነበቡት ወዲያው አይጣሉም። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይዞ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ፤ ዙሪያውን እየዞሩ መጥረግ ጉዳት አለው፣ ምክንያቱም መረጃው የተጻፈው በዙሪያው ስለሆነ ክብ ጭረት ተከታታይ መረጃ ያጠፋል፣ ቀጥ ያለ ጭረት ግን አቋርጦ ብቻ ያልፋል። ከዚያ ሌላ ማጫወቻ መሞከር፤ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ያነባል። ከዚያም ዲዲሬስኪው በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ሙሉውን ዲስክ ወደ አንድ ምስል ፋይል መቅዳት። መሣሪያው ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ይወስድና ወደ ተበላሸው እየተመለሰ ይሞክራል። በዚህ 21 ተጨመሩ። ወረቀት የተለጠፈባቸውን ሲዲዎች ልጣፉን ለመላጥ መሞከር አይገባም፤ አንጸባራቂው ሽፋን አብሮ ይነሣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሊኑክስ በተጫነበትና ከመረብ በተነቀለ ኮምፒውተር ነው። ሲዲዎቹ ከኢንተርኔት ቤትና ከጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች የተቀዱ ስለሆኑ ቫይረስ ያለባቸው ብዙ ናቸው።

ሲዲው ተነበበ ማለት ትክክለኛው ጽሑፍ ተገኘ ማለት አይደለም። የተጠረዘው 118 ገጽ፣ የሲዲው 109 ገጽ ሲሆን ሲዲው ከመከላከያው በፊት የነበረው ረቂቅ ነው። አንዳንዱ ምዕራፍ በምዕራፍ ተቆራርጦ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ የሌላ ተማሪ ነው። መመዘኛው፦ የገጽ ብዛት፣ የማጠቃለያው የመጨረሻ አንቀጽ፣ የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም። ሦስቱ ካልገጠሙ ሲዲው ወደ ጎን፣ ጥራዙ ወደ ስካን። ያለፉት 287 ናቸው፤ የሚቃኙት 313።

ጥቅምት 25፦ የፎንት ጣጣ

ከሲዲ ከተገኙት ውስጥ የአማርኛዎቹ አብዛኞቹ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በሥሪት 3.0፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተራው ተጠቃሚ ጋ የደረሰው ግን ኋላ፣ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከወጣ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የነበሩት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ዓይን «ትምህርት» ያያል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድርድር ነው። ፎንቱ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈት ያ ድርድር ይወጣል።

አሳሳቹ ፒዲኤፉ ነው። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ስለተካተተ ሲታይ ፍጹም ነው፤ ሲፈለግ ግን የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፒዲኤፍ አንድ ፈተና ያልፋል፦ ከመሃል ገጽ አንድ መስመር መምረጥ፣ መቅዳት፣ ባዶ የጽሑፍ ፋይል ላይ መለጠፍ። አማርኛ ከወጣ ያልፋል። ላቲን ከወጣ ወደ ሁለተኛው ሰልፍ። ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና ነው፤ በእሱ 46 ጽሑፎች ተለዩ። «ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ» የሚባሉት ፎንቶች ከዚህ ችግር ነጻ ስለሆኑ የፎንቱን ስም ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

ለእነዚህ ሁለት መንገድ አለ። የወርድ ፋይሉ ካለ ወደ ዩኒኮድ መቀየር፤ ለዋጩ ግን የእያንዳንዱን ቃል ፎንት እያየ የሚሠራ መሆን አለበት። ሰነዱን በደፈናው የሚለውጥ ፕሮግራም የእንግሊዝኛውን አጠቃሎ (አብስትራክት) እና የዋቢ ጽሑፎችን ዝርዝርም ወደ ግዕዝ ትርምስ ይለውጠዋል። አንዳንዱ የቆየ ፎንት የሆሄውን አካልና ቅጥያውን ለያይቶ በሁለት ቁልፍ ስለሚጽፍ አንድ ለአንድ መተካት አይሠራም፤ ጥንዶቹ አስቀድመው መተካት አለባቸው። ሁለተኛው መንገድ ቀላል ነው፦ ፒዲኤፉን እንደ ምስል ቆጥሮ ከስካኖቹ ጋር ወደ ኦሲአር (ምስልን አንብቦ ወደ ጽሑፍ ወደሚለውጠው ፕሮግራም) መላክ። ምስሉ ከኮምፒውተር የወጣ ጥርት ያለ ስለሆነ ንባቡ ከወረቀት ስካን ይሻላል። ለ46ቱ ይህ ተመርጧል።

ኅዳር 8፦ ስካን

ጥራት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ግራጫ። ለታይፕ ጽሑፍና ለደበዘዘ ፎቶ ኮፒ 400። ካርታ፣ ፎቶግራፍና ማኅተም ያለበት ገጽ በቀለም። ጥቁርና ነጭ ብቻ ማድረግ ፋይሉን ቢያሳንስም ለግዕዝ ፊደል አይሆንም፤ «ከ»ን ከ«ኩ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው አንዲት ቅጥያ ናት፤ የደበዘዘች እንደሆነ ነጭ ሆና ትቀራለች፣ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል።

ሒሳቡ፦ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ነጥብ ነው። በግራጫ ወደ 8.7 ሜጋባይት፣ በቀለም ወደ 26። 313 ጽሑፍ በአማካይ በ110 ገጽ 34,430 ገጽ ይሆናል፤ ሁሉም ግራጫ ቢሆን ወደ 300 ጊጋባይት። ዲስኩ የሚገዛው ለዚህ አይደለም፤ ለሦስት እጥፉ ነው፤ ምክንያቱ ወደ መጨረሻው ላይ ይመጣል።

ሁለት ቅጂ ያለው ጽሑፍ አንዱ ይፈታል፦ ሽፋኑ ይነሣል፣ የጀርባው ሙጫ በወረቀት መቁረጫ ይቆረጣል፣ በራሱ በሚጎትት ስካነር ያልፋል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው አይነካም፤ በቪ ቅርጽ በተሠራ የእንጨት መደገፊያ ላይ ተዘርግቶ ከላይ በካሜራ ይነሣል፣ መብራቶቹ ከግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ። ጥራዝን በጠፍጣፋ ስካነር ላይ ተጭኖ ማንሣት በሦስተኛው ወር መደርደሪያው ላይ የሚረግፉ ገጾችን ያመርታል፤ ደግሞም የመሃሉ ስፌት አካባቢ ያሉት ሆሄያት ይጠማዘዛሉ።

ያጋጠሙ ብልሽቶች፦

በጎታቹ ስካነር ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ቀጭን መስመር በየገጹ። ወረቀቱ አይደለም፤ ጠባቧ የመስታወት ስንጥቅ ላይ የተቀመጠች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ናት። ወረቀቱ በእሷ ላይ እየሄደ ስለሚነበብ ነጥቧ መስመር ትሆናለች። በየ200 ቅጠሉ መስታወቱ በአልኮል ይጠረግ። መስመሩ በሆሄ ላይ ሲያልፍ ኦሲአሩ ነ የነበረውን ሌላ ያደርገዋል።

ሁለት ቅጠል አብሮ መጎተት። ከመጫኑ በፊት ወረቀቱን እንደ ካርታ ማራገብ፣ በአንድ ጊዜ ከ40 ቅጠል በላይ አለመጫን፣ ስቴፕል መንቀል። የጥቅምቱ የገጽ ቁጥር እዚህ ሥራውን ይሠራል፤ 118 ተቆጥሮ 116 ምስል ከወጣ ፋይሉ አያልፍም።

መብራት ሲጠፋ። ስካነሩ ሙሉውን ጽሑፍ አንድ ፒዲኤፍ አድርጎ መጨረሻ ላይ እንዲያስቀምጥ ከታዘዘ 90ኛው ገጽ ላይ መብራት ሲሄድ 90ውም ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ገጽ በተነሣበት ቅጽበት ለየብቻው ቲፍ (የምስል ፋይል) ሆኖ ይቀመጥ። ዩፒኤሱ ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ለስካነሩም ነው፤ ተረስቶ ነበር።

ኅዳር 28፦ ኦሲአር

ቅደም ተከተሉ፦ ቲፎቹ በስካን ቴይለር ይቃናሉ፣ ጠርዛቸው ይቆረጣል፤ ከዚያ ቴሴራክት የአማርኛና የእንግሊዝኛ ሞዴሉን አጣምሮ ያነባቸዋል፤ ኦሲአርማይፒዲኤፍ ከምስሉ ሥር የማይታይ ጽሑፍ ያለበት ለረጅም ጊዜ ማቆያ የሚሆን ፒዲኤፍ ይሠራል። ገጹ ሦስት ዲግሪ እንኳ ዘምሞ ከቀረ ንባቡ በግልጽ ይወርዳል፤ ማቃናት የሚዘለል ደረጃ አይደለም።

ጥራቱ በስሜት አይለካም። ከየትምህርት ክፍሉ አሥር ገጽ በእጅ ተጽፎ ከማሽኑ ጋር ሆሄ በሆሄ ይነጻጸራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሒሳብ አለ። ከመቶ ሆሄ 95 ትክክል ነው ሲባል ጥሩ ይመስላል፤ አንባቢ የሚፈልገው ግን ቃል ነው። ባለ አምስት ሆሄ ቃል አምስቱም ትክክል የሚሆኑበት ዕድል 0.95 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ይህም 77 በመቶ። በ98 በመቶ 90 ይሆናል። በ90 በመቶ 59 ብቻ። ስለዚህ ወለሉ 95 ተደርጓል። ከዚያ በታች የሆነው ጽሑፍ ኦሲአሩ ቢቀመጥለትም አጠቃሎውና ቁልፍ ቃላቱ በእጅ ይተየባሉ፤ በእነሱ ይፈለጋል። ታይፕ ጽሑፎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚህ ወደቁ።

የአራት ነጥብ ነገርም አለ። ብዙ ጸሐፊ በ«።» ፈንታ ሁለት ሁለት ነጥብ (፡፡) ወይም የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ ይተይባል፤ ማሽኑም ሦስቱን ያቀያይራል። ለፍለጋ ምንም ጉዳት የለውም፣ ሦስቱም ቃል ይለያሉና። እሱን ለማረም ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ፋይል ማሳነስ ላይ አንድ ጥብቅ ክልከላ። ጄቢግ2 የሚባለው የማመቂያ ዘዴ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያጎድለው ዓይነት የሚመሳሰሉ ቅርጾችን አንድ አድርጎ አንዱን በሌላው ቦታ ይለጥፋል። በ2013 እ.ኤ.አ. አንዳንድ የቢሮ ስካነሮች በዚሁ ምክንያት በሰነድ ላይ 6ን በ8 ሲተኩ ተገኝተዋል። ቅርጾቻቸው እርስ በርስ እጅግ በሚቀራረቡበት በእኛ ፊደል ላይ ይህን ዘዴ መክፈት የተማሪውን ጽሑፍ ሳያውቁ እንደገና መጻፍ ነው። ኦሲአርማይፒዲኤፍ ላይ ሲጫን ዝግ ነው፤ ዝግ ሆኖ ይቆይ።

የማንበቢያው ቅጂ ከ5 ሜጋባይት እንዳያልፍ ይደረጋል። ጉግል ስኮላር ከዚያ የሚበልጥ ፋይል ሙሉ ይዘቱን እንደማያካትት መመሪያው ላይ ያስቀምጣል፤ ተማሪውም በስልክ ዳታ የሚያወርደው ይህንኑ ነው።

ታኅሣሥ 16፦ ስምና ዓመት

የስካን ሥራ በማሽን ይፈጥናል። ይኼኛው አይፈጥንም፤ ጊዜውም የሚያልቀው እዚህ ነው።

ዲስፔስ ስም ሲቀበል ሁለት ሣጥን ያቀርባል፦ የቤተሰብ ስም፣ የግል ስም። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። «አበበ ከበደ» የከበደ ልጅ አበበ ነው፤ «ከበደ፣ አበበ» ብሎ መመዝገብ አባቱን ደራሲ ማድረግ ነው። በካታሎግ ሕግም የኢትዮጵያ ስም በራሱ ስም፣ እንዳለ፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ ነው የሚገባው፤ በማርክ (የካታሎግ መዝገብ መደበኛ ቅርጽ) 100ኛው መስክ ላይ የመጀመሪያው አመልካች 0 ይሆናል። ዲስፔስ ላይ የሚስተካከለው በማስገቢያ ቅጹ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ነው፦ የደራሲው መስክ ዓይነት «ስም» ከሚለው «አንድ ሣጥን» ወደሚለው ይለወጣል። የአማርኛው ስም በአንድ መስክ፣ የላቲኑ በሌላ መስክ። የላቲኑ አጻጻፍ በራስ ዘዴ አይፈጠርም፤ ጸሐፊው በሽፋኑ ላይ እንደጻፈው ይወሰዳል። ፀሐይ የምትባል ጸሐፊ ስሟን በላቲን በሦስት በአራት ዓይነት ልትጽፈው ትችላለች፤ በኋላ በመጽሔት ላይ የምትታወቀው በራሷ ምርጫ ነው።

ዓመቱ የባሰ ነው። ሽፋኑ ላይ «ሰኔ 2007» ካለ ኢትዮጵያዊው ነው፤ እንደ ወረደ ከገባ ጥናቱ በ8 ዓመት ያረጃል። ሕጉ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት መደመር፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ስምንት መደመር፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ ባለው ዓመት መለወጫው በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። አብዛኛው ጽሑፍ በሰኔ ስለሚገባ ብዙውን ጊዜ ስምንት ነው። በዋናው የዓመት መስክ የሚገባው የተለወጠው ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ደግሞ በማስታወሻ መስክ እንዳለ ይጻፋል።

ችግሩ «2007» ብቻ ብሎ ዝም ሲል ነው። በየትኛው አቆጣጠር? ሁለት ምስክር አለ። አንደኛው የፈታኞች ፊርማ ገጽ ላይ ያለው ቀን። ሁለተኛው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር፦ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ የሚጠቅስ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ሊጻፍ አይችልም። ይህ ዘዴ እስካሁን አንድም አሻሚ ጽሑፍ አላስቀረም።

ጥር 7፦ ሀ ሐ ኀ

የመጀመሪያዎቹ 20 ጽሑፎች በሙከራ ሰርቨር ላይ ተጫኑ። «ሥራ» ተብሎ ሲፈለግ «ስራ» የሚለው ርእስ አልመጣም። «ዓለም» ሲባል «አለም» ቀረ። ይህ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዲስፔስን እንደ ወረደ ጭኖ የሚተው ቤተ መጻሕፍት ብዙ የአማርኛ ጽሑፎቹን በገዛ አንባቢዎቹ ፊት ይሰውራቸዋል።

የሚስተካከለው ፍለጋውን በሚያከናውነው በሶልር ውስጥ ነው። የሆሄ መተኪያ ፋይል ይዘጋጃል፦ የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ሆሄያት ወደ ሀ፣ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ አቻዎቻቸው፤ 35 መስመር። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፤ 37። ከዲቃላዎቹ ሧ ወደ ሷ።

እዚህ ላይ አንድ ቀን የወሰደ ስሕተት ነበረ። ፋይሉ ሓን ወደ ሃ፣ ሃን ደግሞ ወደ ሀ እንዲለውጥ ተጽፎ ነበር፤ በሁለት እርምጃ ይደርሳል ተብሎ። አይደርስም። ሶልር አንዴ የተካውን ሆሄ እንደገና አያየውም፤ ሓ ሃ ሆኖ ይቀራል፣ ከሀ ጋርም አይገናኝም። ስለዚህ ሓም ኃም በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓም በቀጥታ ወደ አ። መተኪያው በሁለቱም በኩል መግባት አለበት፦ ሰነዱ ሲመዘገብም፣ ጥያቄው ሲቀርብም። በአንዱ ብቻ ከገባ ከበፊቱ ይብሳል። ከዚያ ማውጫው ከሥሩ እንደገና ይገነባል።

የተቀመጠው ጽሑፍ ግን አይነካም። ጸሐፊው «ሠ» ካለ ርእሱ በ«ሠ» ይታያል። የሚለወጠው በማውጫው ውስጥ ያለው ጥላው ብቻ ነው። ለትግርኛ ጽሑፎች ደግሞ ይህ መተኪያ አይሆንም፤ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የተለያየ ድምፅ ናቸው። በቋንቋ መስኩ ተለይተው ወደ ሌላ የፍለጋ መስክ ይሄዳሉ።

የማይፈታ የቀረው ቅጥያ ነው። «ትምህርት» ሲፈለግ «የትምህርት»፣ «በትምህርት»፣ «ትምህርቶች» አይመጡም። ከሶልር ጋር የሚመጡት የቋንቋ መሣሪያዎች አማርኛን አያካትቱም። ቃሉን በየሦስት ሆሄው እየቆረጡ መመዝገብ ይቻላል፣ ማውጫውን ግን በጣም ያሳብጠዋል፣ የማይፈለግ ውጤትም ያጎርፋል። ለአሁኑ የተወሰነው፦ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ከአምስት እስከ ስምንት ቁልፍ ቃል፣ ያለ ቅጥያ፣ በነጠላ ቁጥር፣ በካታሎገር እጅ። አሮጌ መፍትሔ ነው፤ ይሠራል።

ጥር 21፦ ጭነት

ዲስፔስ 7፣ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ሰርቨር። በ4 ጊጋባይት ላይ የፊት ገጹ ሲገነባ መሃል ላይ ይቋረጣል። ጽሑፎቹ በጅምላ ይጫናሉ፦ ለእያንዳንዱ አንድ ፎልደር፣ ውስጡ የመረጃ ፋይል፣ የይዘት ዝርዝርና ፒዲኤፉ። መጀመሪያ በሙከራ ትእዛዝ ብቻ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ የቀረው። ጭነቱ የሚፈጥረው የካርታ ፋይል አይጣል፤ የተሳሳተ ጭነት በአንድ ትእዛዝ የሚነሣው በእሱ ነው። ከወደቁት አብዛኞቹ በሁለት ምክንያት ነው፦ በእንግሊዝኛ ርእስ ውስጥ ያለው የ«እና» ምልክት (&) በኤክስኤምኤል (የመረጃ ፋይሉ የሚጻፍበት ቅርጽ) ሕግ አለመጻፉ፣ እና በይዘት ዝርዝሩ ላይ ያለው የፋይል ስም ከእውነተኛው በአንዲት ትልቅና ትንሽ ፊደል መለየቱ። ዊንዶውስ ሁለቱን አንድ ያደርጋል፤ ሊኑክስ አያደርግም።

አንድ የተደበቀ ወሰን ተገኘ። ሙሉ ጽሑፍ ሲፈለግ የመጀመሪያው ግማሽ ይገኛል፣ ሁለተኛው አይገኝም። ዲስፔስ 7 ከአንድ ፋይል አውጥቶ የሚመዘግበው የመጀመሪያዎቹን 100,000 ሆሄያት ነው። ገጹ 1,800 ሆሄ ቢይዝ ይህ ወደ 55 ገጽ ነው፤ የጥናቱ ግኝትና ምክረ ሐሳብ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ወሰኑ ሁለት ቦታ ነው ያለው፦ ጽሑፉን ከፒዲኤፉ በሚያወጣው ክፍል ላይና በፍለጋ ማውጫው ላይ። ሁለቱም ወደ 500,000 ከፍ ተደርገው ጽሑፉ እንደገና እንዲወጣ ተደረገ።

ቋሚ አድራሻ፦ ዲስፔስ ሲጫን የሚመጣው የሃንድል ቁጥር 123456789 ነው፤ የማንም አይደለም። በእሱ የተሰጠ አድራሻ ከዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ውጭ አይሠራም፣ ዌብሳይቱ ስም የቀየረ ዕለትም ይሞታል። እውነተኛው ቁጥር በዓመት 50 ዶላር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የውጭ ምንዛሬ ፈቃዱ ግን ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄው ስካን በተጀመረበት ሳምንት መግባት ነበረበት። ይህን ሥራ የሚጀምር ሁሉ ከዚህ ይጀምር።

ሰርቨሩ ያለው በግቢው ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በግቢው መረብ ላይ ያለ ተማሪ ያነባል፤ ለዚህ ግን የሰርቨሩ ስም በግቢው ዲኤንኤስም መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ ማሽኑ እዚያው አጠገብ እያለ አድራሻውን የሚፈታው ይጠፋል።

የካቲት 5፦ መብት

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጽሑፉን ለጸሐፊው ይሰጣል። ለጥበቃ ሲባል መቅዳት አንድ ነገር ነው፣ ለዓለም መክፈት ሌላ። ፈቃዱ የተፈረመበት ጽሑፍ ሙሉው ይከፈታል። ፈቃድ የሌለው አጠቃሎው ይከፈታል፣ ሙሉው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይነበባል፤ ጸሐፊው ሲገኝ ይጠየቃል። ከዘንድሮ ጀምሮ የፈቃድ ቅጹ ከክሊራንስ ወረቀት ጋር አብሮ ይሰጣል፤ ተማሪው ግቢውን ከለቀቀ በኋላ መፈለግ ሌላ ሥራ ነው።

አባሪዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። የተጠያቂዎች ስምና ስልክ፣ የታካሚ ፎቶግራፍ፣ ሕፃናት የታወቁበት ገጽ አለ። እነዚያ ገጾች ከሚከፈተው ቅጂ ይወጣሉ፤ ከማቆያው ቅጂ ግን አይወጡም። ፊርማ ያለበት ገጽም በሚከፈተው ቅጂ ላይ በፊርማ አልባው ይተካል፤ ፊርማ ከፒዲኤፍ ቆርጦ ሌላ ወረቀት ላይ መለጠፍ እጅግ ቀላል ነው።

የካቲት 19፦ መደርደሪያው

ዲጂታል ሆነ ተብሎ የተጠረዘው አይወገድም። ቢያንስ አንድ ቅጂ ይቀመጣል፤ ከጋዜጣ ማስቀመጫው አጠገብ ካለው እርጥብ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። የተፈቱት ቅጂዎች በወረቀት ሣጥን ታስረው በመመዝገቢያ ቁጥር ተደርድረዋል።

ቦታ የተገኘው ከሌላ ነው፦ በ40 ቅጂ ከተገዙና ማንም ካልተዋሳቸው የአሮጌ እትም መማሪያዎች፣ ጊዜ ካለፈባቸው የውጭ አገር የስጦታ መጻሕፍት፣ በተለይም የመድኃኒት መጠን ከሚናገሩት። የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ አይጣሉም፤ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) የገቡት ከቋሚ ንብረት መዝገብ ጋር ተመሳክረው ለአወጋገድ ኮሚቴ ይቀርባሉ። በኮሃ (የቤተ መጻሕፍቱ የካታሎግ ሶፍትዌር) ላይም ከካታሎግ ይወጣሉ፤ ይህ ካልተደረገ አንባቢ የሌለ መጽሐፍ ፍለጋ ይመላለሳል። አንድ ነገር ከዝርዝሩ ውጭ ነው፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የታተመ ማናቸውም ነገር፣ ቢቀደድም ቢደገምም፣ የመጨረሻ ቅጂ አለመሆኑ ሳይጣራ አይነካም።

መጋቢት 4፦ መጠባበቂያ

ሦስት ቅጂ፦ አንድ ሰርቨሩ ላይ፣ አንድ በሌላ ሕንጻ ባለ ዲስክ፣ አንድ ከከተማው ውጭ። ለዚህ ነበር ዲስኩ ለሦስት እጥፍ የታሰበው።

የመጀመሪያው የመመለስ ሙከራ ወደቀ። የፋይሎቹ ክምችት ተገልብጦ ነበር፤ ዲስፔስ ግን ፋይል የሚያስቀምጠው በረጅም ቁጥር ስም፣ ያለ ቅጥያ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቀው ፖስትግሬስ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ብቻ ነው። ዳታቤዙ አልተገለበጠም ነበር። ሁለቱ በአንድ ሌሊት፣ ዳታቤዙ ቀድሞ ክምችቱ ተከትሎ፣ እንዲገለበጡ ተስተካከለ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ዳታቤዙ የሚያውቀው ፋይል ሁሉ በክምችቱ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ሙከራ በባዶ ማሽን ላይ ተደረገ፤ 600ውም ተነሡ፣ ከ600ው 30 በዕጣ ተመርጠው ተከፈቱ፣ የሁሉም አሻራ ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ከመጀመሪያው ጋር ገጠመ።

ለሁለተኛው ዙር የሚቀጥለው 420 ጥራዝ ከነገ ጀምሮ ይቆጠራል።